ባለቤቴን ዝም ላሰኘው ክፍል

ለተከበሩ የኮምፒውተር ኩባንያው የደንበኞች ድጋፍ ኃላፊ፤

አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለጉሮሮዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ጉሮሮን ለይቼ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድምፁን ያጣ ሰው በእናንተ ኮምፒውተር ፊት ምን እንደሚደርስበት ስላየሁ፣ በእርስዎ እንዳይደርስ ከልቤ እጸልያለሁ።

እኔ በጡረታ የተገለልኩ የስልክ ኦፕሬተር ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ድምፅ ሲዋሽ ስሰማ ስለኖርኩ ሰውን ቶሎ አላምንም፤ ዘመዶቼም ጥላዋን ትጠረጥራለች ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐኪሞች በሕመም ምክንያት ማንቁርቱ እንዲወጣ ሲወስኑ፣ ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ ተቀምጦ የገዛ ድምፁን በአንድ ፕሮግራም ቀዳ። ከዚያ ወዲህ እርሱ ቁልፍ ይጫናል፣ ኮምፒውተሩ በእርሱ ድምፅ ይናገርለታል። ያስፈልጉኛል ብሎ ከመረጣቸው ቃላት ግማሾቹ «ፍሬን ያዝ»፣ «መስታወት እይ»፣ «በሩን ማነው ክፍት የተወው» የሚሉ ሲሆኑ፣ ከቀሩት አብዛኞቹ ስድብ ናቸው። ለሚስት የሚሆን ጣፋጭ ቃል ለመቅዳት ጊዜ አላገኘም። እንደዚያም ሆኖ ቤቴን ቤት ያሰኘው ያ ድምፅ ነበርና፣ አቤቱታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ባለፈው ወር አንድ ማለዳ ኮምፒውተሩን ስንከፍተው ራሱን በራሱ አድሶ ጠበቀን። የባለቤቴን ፕሮግራም ብንጫን፣ ብንጫን፣ ፕሮግራሙ ያረጀ በመሆኑ ከእንግዲህ እንደማይሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ይወጣል። የሠራው ሰው ሱቁን ዘግቶ ከሄደ ስለቆየ አዲስ የሚሠራልን የለም። ክፍላችሁን ስጠይቅ፣ ለእድሳቱ የተስማማነው እኛው መሆናችንን ስላስረዳችሁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ይሁን እንጂ እኔ በትዳር ዘመኔ ሁሉ ከባለቤቴ ጋር እንኳ እንዲህ በቀላሉ ተስማምቼ አላውቅም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የልጄን ባል ነበር፤ ሳያነብ «እሺ» የሚለውን ሁሉ የሚጫን ሰው ነውና። ያን ሰሞን ለሥራ ሌላ ከተማ እንደነበረ ሳጣራ ይቅርታ ጠይቄው፣ ጥርጣሬዬን ወደ እናንተ አዛውሬያለሁ።

፪ኛ፦ አሮጌው ፕሮግራም እንዲቆም የተደረገው ለደህንነታችን ሲባል መሆኑን ገልጻችኋል። የባለቤቴ ድምፅ አደገኛ መሆኑን ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ ስለማውቅ ማስጠንቀቂያችሁ ትንሽ ዘግይቷል። ለመሆኑ የምትጠብቁን ከማን ነው? ሌባ ገብቶ «ፍሬን ያዝ» የሚለውን ሰርቆ ምን ያደርግበታል? ቁልፉን ይዞ ባለቤቱን ደጅ የሚያስቀር ጠባቂ፣ እኔ ባደግሁበት ቤት ስሙ ሌላ ነበር።

፫ኛ፦ በምትኩ የላካችሁልን አዲስ ድምፅ የጨዋ ልጅ ድምፅ ነው፤ ሲሰሙት ፀጉሩን ያበጠረ ይመስላል። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሞከረው። እኔ ጓዳ ሆኜ አንድ የማላውቀው ወጣት ሻዩ እንደ ቀዘቀዘ ሲነግረኝ፣ ማን ገባብን ብዬ መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። በኔ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቁልፍ አልነካም። የሚፈልገውን በእጁ ይጠቁማል፤ የሚያናድደው ነገር ሲገጥመውም ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔ ያገባሁት ሰው ነገር የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ፈርቻለሁ፣ ክቡርነትዎ።

፬ኛ፦ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ከሰው ዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፈልጎ አምጥቶ የቀድሞውን ሲስተም ጫነበት፤ የባለቤቴንም ድምፅ ገለበጠበት። እናንተ ተመልሳችሁ እንዳትገቡ ብዬ፣ ጠጋኙ ዞር ሲልልኝ የኢንተርኔት መሰኪያውን በሙጫ ደፈንኩት። ሲመለስ ራሱን ይዞ ቀረ፤ ለካስ ሲስተሙ ሥራ የሚጀምረው አንድ ጊዜ ከኩባንያው ጋር ተገናኝቶ ፈቃድ ሲያገኝ ነው። ሙጫዬን በመርፌ ስፈለፍል ዋልኩ። መሰኪያው ሲከፈት ደግሞ የእናንተ ፈቃድ ሰጪ ሥራ ማቆሙ ታወቀ። ኮምፒውተሩ ይጠራል፣ ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። ድምፁ እዚያው ውስጥ አለ፤ ያለ ፈቃድ ግን አያስገባም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖብናል። ዘበኛውን በሩ ላይ ትቶ ፈቃድ ሰጪውን ማሰናበት የስሕተት ሥራ ነው ብዬ ለማመን ሞክሬ ነበር፤ ወዲያው አዲስ ኮምፒውተር ግዙ የሚለው ማስታወቂያችሁ ባይከተለኝ ኖሮ አምን ነበር።

እንግዲህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አዲስ ነገር አልጠየቅሁም፤ ጥገናም፣ ድጋፍም ይቅርብኝ። ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ለዚያ አሮጌ ኮምፒውተር «ግባ» ይበለው። ጠጋኙ ይህ ለእናንተ የደቂቃ ሥራ ነው ብሎኛል፤ እርሱንም ስላላመንኩት ሌላ ጠጋኝ ጠየቅሁ፣ ያኛውም ያንኑ አለኝ። ስለዚህ የማይቻል መሆኑን ሊያስረዱኝ እንዳይደክሙ አደራ እላለሁ።

አሮጌ ድምፆችን እያሳረፋችሁ ለአዲሶቹ ቦታ ለማመቻቸት ስለምታደርጉት ያላሰለሰ ጥረት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ዓይኔን ግን ከእጃችሁ ላይ ሳልነቅል አመሰግናለሁ።

ሳትጠየቅ የተስማማችው ደንበኛችሁ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብዬ ሳነብለት ባለቤቴ ብዙ ቀን ያላየሁትን ፊት አሳየኝ። የሚጨምረው ስድብ ካለ ብዬ እርሳስ ብሰጠው፣ በጽሑፍ እንደማይሆንለትና ለእናንተ ያለውን በገዛ ድምፁ ካልሆነ እንደማይናገር ጽፎ መለሰልኝ። ስለዚህ ለክቡርነትዎ የሚገባው ሁሉ በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ተቆልፎ ይጠብቅዎታል፤ ፈቃዱን በሰጡ ዕለት ስልክ ደውዬ አስቀድሜ የማሰማው ለእርስዎ ነው።