ባርኔጣ የደፋው ጥላ

ቴክሳስ፣ ከአማሪሎ በስተምዕራብ፣ ከሲሚንቶው ፌንጣ ሥር
ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1978

ይድረስ ለባለቤቴ ለኔቫ ስቲክኒ፣ ካለችበት፤

ኔቫ፣ ሰላምታዬ በምትሄጂበት መንገድ ሁሉ ይቅደምሽ። የትኛው መንገድ እንደሆነ ስትሄጂ አልነገርሽኝም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ጨጓራዬም እንደ ድሮው ናቸው። ውሻውን ጎረቤት ትቼዋለሁ። ከዚህ እንደምትረጂው ቤት አይደለሁም።

ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝ ሎኔታ ፕሩት የምትባል ሴት ናት። የሲሚንቶው ፌንጣ ባለቤት እሷ ናት። አዎ፣ የዚያው። መንገደኞች ካንሳስ ድረስ መጥተው የኛን የብረት ፌንጣ ሐውልት ካዩ በኋላ «ከዚህ የሚበልጥ ደቡብ ላይ አለ» ሲሉኝ ጆሮዬን የምደፍንበት ፌንጣ። ያልኩትን ሁሉ እንዳለ ጻፊው ብያታለሁ። «ስድቡንም?» አለችኝ። ስድቡንም አልኳት።

እንዳትሳሳቺ፣ አንቺን ፍለጋ አልመጣሁም። የመጣሁት ፌንጣ ልለካ ነው።

የሄድሽበትን ቀን አልረሳሁትም። እህትሽ አርዲስ አልጋና ምድጃ ያለበትን ያንን መኪናዋን በራችን ላይ አቁማ ስታስጓራ፣ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ የፌንጣውን ክንፍ እበይድ ነበር። መጥተሽ ከመሰላሉ ሥር ቆምሽ።

«ኦርቫል፣ ትመጣለህ አትመጣም?»

«ክንፉን ልጨርስ።»

«ክንፉን ስትጨርስ ቀንዱን ትጀምራለህ። ይሄ ፌንጣህ አንድ ቀን እንኳ ዘሎ አያውቅም። እኔ ግን ልዘል ነው።»

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«እሱን መንገዱን ጠይቀው» አልሽና ሄድሽ። አርዲስ ጥሩምባ ነፋች። ያቺ ሴት ስትፈጠርም ጥሩምባ ይዛ ነው የተፈጠረችው።

«መመለሴን መንገዱን ጠይቀው» ተብሎ እንቅልፍ የሚወስደው ወንድ ካለ አሳዩኝ።

ከዚያ ፎቶዎቹ መምጣት ጀመሩ። ጽሑፍ የለባቸውም። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ፖስታ ቤት ያለው ክላይድ እያነበበልኝ ከንፈሩን እንዲመጥልኝ አልፈለግሽም። በዚህ አመሰግንሻለሁ። በሌላው አላመሰግንሽም። መጀመሪያ ቤት የሚያክል የኦቾሎኒ ሐውልት ተደግፈሽ መጣሽ። ቀጥሎ ሁለት ራስ ያለው፣ ሞቶ ገለባ የተሞላ ጥጃ፤ አንቺ አንደኛውን ራሱን ስታሻሺው። የኔን ራስ ካሻሸሽ ስንት ዘመንሽ ነው? ቀጥሎ የሻይ ማንቆርቆሪያ የሚመስል ምግብ ቤት፣ አንቺ በማንቆርቆሪያው አፍ በኩል አንገትሽን አውጥተሽ። ሁሉንም ምድጃው አጠገብ በምስማር ቸነከርኳቸው። በጥጃው ቀናሁ። በኦቾሎኒው ቀናሁ። ሰው በኦቾሎኒ ይቀናል ወይ ትይኝ ይሆናል። ሳቅሽን ስላላየሽው ነው።

አራተኛው ግን ሌላ ነው። እሱን አልቸነከርኩትም፤ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

በሌላ ሰው ፌንጣ ጉልበት ላይ ተቀምጠሻል። አርዲስም በሌላኛው ጉልበት ላይ ተቀምጣለች። እስከዚያ ቀን ድረስ አርዲስ ናት ፎቶ የምታነሳሽ እያልኩ ነበር ራሴን የማረጋጋው። አርዲስ እዚያ ከተቀመጠች ካሜራውን የያዘው ማነው? እግራችሁ ሥር መሬቱ ላይ ጥላ ተጋድሟል። የወንድ ጥላ። ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቀዬው ጌታ ይመስል ተገትሯል። ሰፊ ባርኔጣ ደፍቷል። ረዥም ነው። እኔ ረዥም እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። የሠርጋችን ዕለት እናትሽ በርጩማ ላይ አቁማ ነው ካንቺ ጋር ፎቶ ያስነሳችኝ።

ለክላይድ አሳየሁት። «ጥላ ነው» አለኝ። ጥላ መሆኑን መች አጣሁት፣ የማን ነው አልኩት። «የረዥም ሰው» አለ። የዚያን ዕለት ክንፉን ስበይድ ብረቱን አቃጥዬ በሳሁት። አሁን የፌንጣችን ቀኝ ክንፍ ላይ ጭንቅላትሽን የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። በጥላ የተነሳ ነው።

በማግስቱ በሩን በሰንሰለት አሰርኩት። አንድ ቤተሰብ ከመኪና ወርዶ «ፌንጣው ዛሬ ዝግ ነው?» ቢለኝ «ፌንጣው ጉዳይ አለበት» ብዬ የጭነት መኪናዬን አስነሳሁ።

መንገዱ አላስቸገረኝም። ኦክላሆማ ላይ ምልክቶቹን የሚተክሏቸው ሰው እንዳያያቸው አድርገው ነው፣ ፀሐዩም ዓይኔ ውስጥ ነበር እንጂ ሌላ ችግር የለም። አንድ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፎቶውን አሳይቼ መንገድ ጠየቅሁ። ነዳጅ የምትቀዳው ልጅ እግር ሴት ነገረችኝ። ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ሄድኩና ፊት ለፊቴ ማደያ አየሁ። ያው ማደያ ነው።

«አባባ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ። መገንጠያው ላይ በትልቁ ተጽፏል» አለችኝ።

መስታወቴ ቆሽሿል አልኳት። መስታወቱን ወለወለችልኝ። እንደገና ዞሬ ስመጣ ግን ወረቀት አምጥታ ሥዕል ሣለችልኝ፤ የውሃ ማማ፣ ቀጥሎ ድልድይ፣ ቀጥሎ ጣራው የወደቀ ጎተራ፣ በያንዳንዱ ጎን ወደየት እንደምታጠፍ ቀስት። በዚያ መጣሁ። ጎበዝ ሰዓሊ ናት።

እዚያ ወረቀት ላይ እያየሁ ስነዳ ትዝ አልሽኝ። በያመቱ አጨዳው ሲያልቅ «ለምን አንድ ጊዜ አንሄድም?» ትይኝ ነበር። እኔም ክንፉ አላለቀም እልሽ ነበር። ክንፉ በእርግጥ አላለቀም ነበር።

ሎኔታ በቲኬት መቁረጫው መስኮት ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«ባርኔጣ የሚደፋው የት አለ?»

«እዚህ አገር የማይደፋው ማን አለ?»

«ረዥሙ።»

ፎቶውን በመስኮቱ አሾለክሁላት። መነጽሯን አድርጋ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ እጄን አየችው፤ ጨብጬው ነበር።

«ጋሼ፣ እሱን ብለህ ነው ከካንሳስ የመጣኸው?»

«ፌንጣ ልለካ ነው የመጣሁት።»

«በቡጢ ነው የምትለካው?» አለችና ከወንበሯ ተነሳች። «ና ተከተለኝ። እዚያው ነው ያለው፣ የትም አይሄድብህም።»

ከፌንጣው ወደ ፀሐይ መውጫ በኩል ወሰደችኝ። እዚያ፣ ከተዘጋ የቡት ጫማ ሱቅ የተረፈ አንድ የቆርቆሮ ካውቦይ ቆሟል። ቁመቱ የስልክ እንጨት ይሆናል። ቀለሙ ተልጧል፣ እጆቹ ወገቡ ላይ ናቸው፣ ባርኔጣው ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። የጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ስትመጣ ጥላው እየተሳበ እስከ ፌንጣው እግር ይደርሳል።

«ይኸው ሰውዬህ። ምታው። መብረቅ መትቶት ያውቃል፣ አንተ አትከብደውም» አለችኝ።

ጨብጬው የነበረውን እጄን ፈታሁ።

«ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እዚህ ግቢ ከሱ በቀር ወንድ የለም። ፎቶውን ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ፀሐዩ ማጅራቴን ሲበላኝ ጥላው ውስጥ ገብቼ ቆምኩ፣ ለዚህ ነው የኔ ጥላ የማይታይህ። ደግሞስ አንተ ሰው፣ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ካሜራውን በምኑ ሊይዘው ነው?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሎኔታ ይቺን ስትጽፍ እየሳቀች ስለሆነ ፊደሉ ከተበላሸ የሷ ጥፋት ነው።

የሆነ ሆኖ ልለካ መጥቻለሁና ለካሁ። ቀንዱን ደምራ ነው ለሰው የምትናገረው። ቀንድ ከቁመት አይቆጠርም አልኳት። «እንግዲያው ያንተንም ቀንድ ከልኩ አውርደው» አለችኝ። አወረድኩት፣ የሷንም አወረድኩ፣ ለካሁ። ያለ ቀንዱም ይበልጣል። ጻፊው አልኳት፣ ጻፈችው። ግን ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ማንም ሰነፍ ይከምራል። አንቺ የተቀመጥሽበት ጉልበትም ጡብ ነው እንጂ ጉልበት አይደለም፤ ስትገፊው ንቅንቅ አይልም።

«እሷም ልክ እንደሱ አለች» አለችኝ ሎኔታ።

«ማን?»

«ባለቤትህ ናታ። እዚያ ላይ ቁጭ ብላ 'የኛ ፌንጣ ጉልበቱ ከማረሻ ዲስክ ነው የተሠራው፣ ነፋስ ሲነካው ይተጣጠፋል፣ ሊዘል ያለ ይመስላል' እያለች ቁም ስቅሌን አሳየችኝ። እህቷ ጥሩምባ ትነፋለች፣ እሷ ስለ ጉልበት ታወራለች። ፎቶውን ያነሳኋት እያወራች ነው። እንደዚያ የምትስቀው ለኔ ፌንጣ መሰለህ?»

«'የኛ' ነው ያለችው? ወይስ 'የሱ'?»

«የኛ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ጋሼ፣ ልትገድለኝ ነው እንዴ? የኛ ነው ያለችው።»

ይህን ሁለት ጊዜ ጻፊው ብያት እምቢ አለች። አንዴ ይበቃል ብላለች።

ቅናቴ የበረደ እንዳይመስልሽ። ቦታ ቀየረ እንጂ አልበረደም። አሁን የምቀናው በዚችው በሎኔታ ነው። ለሷ ስለ ጉልበቱ ያን ሁሉ አውርተሽ ለኔ እራት ላይ «ጨው አቀብለኝ» ብቻ። በአርዲስም እቀናለሁ፤ ካጠገብሽ የምትቀመጠው እሷ ናት። በየቦታው ቆማችሁ በምትጠጡት ለስላሳ፣ በምትሳሳቱት መንገድ ሳይቀር እቀናለሁ። አብሮ መሳሳትም አንድ ነገር ነው። እኔ ኦክላሆማን የዞርኳት ብቻዬን ነው።

ሎኔታ አሁን ያላችሁበትን ታውቃለች። እነዚህ መንገድ ዳር እንግዳ የሚቀበሉ ሰዎች መንገደኛውን አንዱ ወደ ሌላው ይልከዋል፤ በመስኮታቸው ላይ የሌላውን ሰው መስህብ ሥዕል ሰቅለው «ከኔ ቀጥሎ እዚያ ሂዱ» ይላሉ። እኔ እንደምታውቂው አንድም ቀን ሰቅዬ አላውቅም። ቀጥሎ ምን አለ ሲሉኝ ከዚህ ወዲያ ምንም የለም እላቸው ነበር። አለ ለካ። እሷ አሪዞና ወዳለው፣ በጠርሙስ ወደተሠራው ቤት ልካችኋለች። የዚያ ቤት ጠባቂ የባሏ የአጎት ልጅ ነው፤ ትናንት ስልክ ስትደውልለት አልደረሱም አላት፣ አርዲስ የምትነዳው ከሆነ ገና ናችሁ። ዛሬ ወደዚያ የሚሄዱ ባልና ሚስት ደብዳቤውን ይዘውልኝ ይሄዳሉ። መኪናቸው ተነስቶ እየጠበቀ ነው፣ ስለዚህ ላሳጥረው።

ከጠርሙሱ ቤት ወዲያ ውሃ ሽቅብ የሚፈስበት ኮረብታ አለ ይላሉ። አላምንም። ግን ሳያዩ አላምንም ማለትም ደግ አይደለም፣ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። የአርዲስ ዓይን ደካማ ነው፣ ሰው ይዛ ገደል ትገባለች። እዚህ ድረስ ተመለሱና እኔ ልንዳ። አንቺ ከጎኔ ተቀምጠሽ ምልክቱን አንብቢልኝ። አርዲስ ከኋላ ትሁን፣ ጥሩምባውንም አትንካ።

ይህን ካልፈለግሽ፣ ያው አልፈለግሽም ነው። ሰው አስይዘሽ ቃል አትላኪብኝ። ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ። ፊትሽን ካየሁ ይገባኛል፤ እሱን ማንበብ አቅቶኝ አያውቅም። ያኔ ወደ ካንሳስ ተመልሼ ክንፉ ላይ ያለውን ቀዳዳ እደፍናለሁ።

መልስሽ እስኪመጣ እዚሁ ነኝ። የዚህ ፌንጣ አንድ ቀንዱ ተሰንጥቆ ውስጡ ያለው ብረት ዝጓል፣ እሱን እየበየድኩላት ነው። ለሷ ብዬ አይደለም። ስንጥቅ ማየት አልወድም።

እግዚአብሔር መንገዱን ያቅናልሽ፣ ጎማችሁን ከምስማር፣ አንቺን ከአርዲስ አነዳድ ይጠብቅልኝ። ጠዋት ጠዋት ባርኔጣዬን ደፍቼ ከካውቦዩ ጎን እቆማለሁ። ከዋናው መንገድ ታጥፈሽ ስትገቢ መሬቱ ላይ ሁለት ጥላ ታያለሽ። አጭሩ የኔ ነው።

ባልሽ
ኦርቫል ስቲክኒ