የኦስቫልዶ ራውተርና የአረንጓዴዋ መብራት ጉዳይ

ለክቡር ሴኞር ኢሪሳሪ፣
የኬልቴዌ ፋይበር ኢንተርኔት ድርጅት የደንበኞች ጉዳይ ዋና ኃላፊ፣
ቫልፓራይሶ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤና፣ በተለይም ለጉልበትዎ ብርታት እመኛለሁ፤ ጉልበትዎን ለይቼ ያነሳሁት ቢሮዎ ሜዳ ላይ ስለሆነ እስካሁን እንዳልተፈተነ ስለማውቅ ነው። እኔ ከኮረብታዬ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ደረጃ እየወረድኩ በአራት ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ መስኮታችሁ ፊት ቆሜያለሁ። ልቆጣ ነው ብለው አይስጉ። ባለቤቴ ኦስቫልዶ ታፒያ ባለፈው ግንቦት ከተቀበረ ወዲህ ቁጣም ለቅሶም እምቢ ብሎኛል፤ ሽንኩርት ስልጥ እንኳ ዓይኔ ደረቅ ነው።

ኦስቫልዶ ሠላሳ ዓመት ወደብ ላይ የመርከብ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ የቤታችንን ራውተር ከነኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ በራሱ እጅ ሠራ፤ ድርጅትዎ ፋይበሩ "በሚቀጥለው ወር" ወደ ኮረብታው ይወጣል ስላለም፣ በስሙ ማመልከቻ አስገብቶ ለፋይበሩ የሚሆን አንድ ቀዳዳ ቦርዱ ጠርዝ ላይ ተወለት። ያ ወር ሁለት ዓመት ፈጅቶ፣ ገመዱ ደጃችን ያለው ምሰሶ ላይ የደረሰው ኦስቫልዶ በተቀበረ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ስለ ቀጠሮ አክባሪነታችሁ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ የጠየቅሁት ትንሽ ነገር ነበር። የፋይበሩ ገመድ ኦስቫልዶ ቀዳዳው ውስጥ ባስቀመጣት፣ የፋይበሩን ብርሃን ተቀብላ ለራውተሩ በምታስተላልፍ አውራ ጣት በምታህል ቁራጭ ላይ እንዲሰካ፣ መሥመራችሁም የማያውቀውን ዕቃ ስለማያስገባ የቁራጯ ቁጥር መዝገባችሁ ላይ እንዲጻፍ ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት። "እማማ፣ ማመልከቻው በሳቸው ስም ነው፤ እሳቸው ራሳቸው በአካል ይቅረቡ" አለችኝ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ሰጠኋት፤ እስከ መጨረሻው አነበበችውና "ውይ፣ ነፍስ ይማር። ግን ፊርማቸው ያስፈልጋል" አለች። ሙታን በሰው ስም ኢንተርኔት እንዳያስገቡ የምታደርጉት ጥንቃቄ የሚደነቅ ነው።

ሁለተኛ፦ በአራተኛው ጉዞዬ የባሌ ማመልከቻ በሞት ምክንያት ተሰርዞ እኔ "አዲስ ደንበኛ" ሆንኩ፤ አዲስ ደንበኛ ደግሞ ከድርጅቱ ነጭ የራውተር ሣጥን በቀር ሌላ ዕቃ አይፈቀድለትም ተባልኩ። ሣጥኑን ተሸክሞ የወጣው ሠራተኛችሁ፣ ዶን ኤሪቤርቶ ልበለው፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ዳቦ በአቮካዶ አቀረብኩለት። የኦስቫልዶን ቦርድ አገላብጦ ካየ በኋላ "ይሄን በእጃቸው ነው የሠሩት? ኧረ ሴኞራ፣ ከኛው ሣጥን በስንት ጣዕሙ! ምን ላድርግ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው" ብሎ ገመዱን ሣጥኑ ላይ ሰካው። እውነት ተናግሯልና ስሙን የቀየርኩት ለእንጀራው ሰግቼ ነው።

ሦስተኛው አቤቱታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። የኦስቫልዶ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ "ኤልሲራ፣ እምቢ ማለታቸው አይቀርም። ሣጥናቸውን ገልብጪው፣ ሆዱ ላይ ቁጥር አለ። ያንን ቁጥር ለኔዋ ቁራጭ ስጫት። አሠራሩ ከታች አለልሽ። ቀስ በይ፣ መነጽርሽን አድርጊ።"

መነጽሬን አደረግሁ። ቁጥሩን ለቁራጯ ሰጥቼ ገመዱን ከሣጥኑ ነቅዬ እሷ ላይ እስክሰካ የሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ።

ድሮ እሱ ጓዳ ሆኖ ሲነካካ "በራ?" ብሎ ይጮኻል፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የራውተሩን መብራት እያየሁ "አልበራም!" እላለሁ። በዚያ ሦስተኛ ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ አረንጓዴዋ መብራት ቦግ ስትል የጠየቀኝ አልነበረም። ቢሆንም "በራ" አልኩ። አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ አላለቀስኩም፤ ዕቃ አጠብኩ።

መዝገባችሁ እስከ ዛሬ የሚሠራው ሣጥኑ ይመስለዋል። ሣጥኑ ዘጠና ቀን ያለ አንዳች እንከን በማገልገሉ የላካችሁልኝ የደስታ መግለጫም ደርሶኛል። ምስጋናው ይገባዋል፤ የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ አጭር እግር ሥር ከገባ ጀምሮ ጠረጴዛው ተነቃንቆ አያውቅም።

አሁን ግን ተቆጣጣሪ ቤት ለቤት እየዞረ ያልተፈቀደ ዕቃ ያገኘበትን መሥመር እንደሚቆርጥ አስታውቃችኋል። ሰውየው ደረጃውን ወጥቶ ከሚደክም ብዬ ነው ቀድሜ የነገርኳችሁ። የምለምነው ያንኑ ነው፤ የቁራጯን የራሷን ቁጥር መዝግቡላት። እምቢ ካላችሁም መቁረጥ ትችላላችሁ፤ ያቺን መብራት በገዛ እጄ አጥፊ ግን አትበሉኝ።

በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ስምዎን ሳላነሳ አልፌ የማላውቅ፣ ለመልስዎ ሌላ ሁለት ዓመት ለመጠበቅ የሠለጠንኩ፣ ታዛዥ "አዲስ ደንበኛዎ"

ኤልሲራ ባሃሞንዴስ
የኦስቫልዶ ታፒያ ሚስት

ማስታወሻ፦ የተሰረዘውን ማመልከቻ ለመዝጋት ኦስቫልዶ በአሥር ቀን ውስጥ መታወቂያውን ይዞ በአካል እንዲቀርብ የሚል ደብዳቤ ትናንት በስሙ ደርሶታል። እኔ ላመጣው አልቻልኩም። ኮረብታው አናት ያለው መቃብር፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ወደ ባሕሩ ፊቱን አዙሮ ቀኑን ሙሉ አለ፤ ተራ መያዝ አያስፈልግም። እርስዎ ከሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት "በራ?" ብሎ ነው፤ መልሱን እርስዎ ይንገሩት።