እጅህን ዘርግተህ ስትቆም

ውድ ወንድሜ አባ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጻፍ እንዲህ ይባላል ስለተባልኩ ነው፤ ወድጄ እንዳይመስልህ። ደግሞ ሰው አላስጻፍኩም። ከማታው ትምህርት ቤት የመጨረሻ ወንበር ተነስቶ ሰሌዳ ፊት የቆመው ጀግና እኔው ራሴ ነኝ። መምህራችን እንኳ እንደኔ ያለ ጎሚስታ አይታ አታውቅም፤ ራሷ ባትለውም ፊቷ ላይ አንብቤዋለሁ። አሁን ፊትም አነባለሁ።

ከመማሪያችን ቀጥሎ ያነበብኩት ያንተን መጽሐፍ ነው። ድሮ ጎማ ሊያስነፋ ለመጣ ሁሉ ሽፋኑን እያሳየሁ «የታናሽ ወንድሜ ነው» እል ነበር። የእግዚአብሔር ብርሃን በአንድ ቤት መስኮት ብቻ አይገባም ብለሃል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን በሌላው ሃይማኖት ውስጥ ያለውን እውነት አትንቅም ብለሃል። ሰውን በማስፈራራትም በማባበልም ወደ ጥምቀት መግፋት የእግዚአብሔርን ሥራ መቀማት ነው ብለሃል። ይህችን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ ደጋግሜ አነበብኳት። ደሜ ፈላ።

ልጄን ለጋብቻ የጠየቃት መካኒክ ሙስሊም መሆኑን አልደበቅንህም። አንተም ከጳጳሱ ፈቃድ አመጣለሁ፣ እሷም በእምነቷ እሱም በእምነቱ ሆነው ይጋባሉ ብለህ ቃል ገባህ። አባቱ፣ ያ የቅዳሴ ልብስህን የሚሰፋልህ ልብስ ሰፊ፣ እቤቴ መጥቶ ተስማማን፤ ተሳሳቅን። ያኔ አንተ መካኒኩን ልጅ ወደ ጓሮ ጠርተህ፣ ብትጠመቅ ነገሩ ይቀላል፣ ካልሆነ ግን ፈቃዱ እኔ ጋ ሊዘገይ ይችላል አልከው። ልጁ ደጃችንን ከረገጠ ቆየ። ልጄ ስልኳን ይዛ ግድግዳ ታያለች። የጋብቻው ቀን ደግሞ እየደረሰ ነው።

ልጠይቅህ ስመጣ ምን አልከኝ?

«መጽሐፉ ላይ የጻፍኩት ስለ ሰው ልጅ ነው። እሷ ግን የወንድሜ ልጅ ናት። ብትጠፋብኝስ?»

ሆዴ ሊባባልህ ነበር፤ መለስኩት። ለመሆኑ የሰው ልጅ ማለት የማናውቀው ሰው ነው እንዴ? እሩቅ ሲሆን ብርሃን፣ እኛ ደጅ ሲደርስ ጨለማ? አፍህ ቅቤ ልብህ ጩቤ። ከላይ ሲያዩህ ድንቅ ጎማ ነህ፤ ምስማሩ ያለው ውስጥ ነው። ምስማር መንቀል ደግሞ እንጀራዬ ነው።

ይቅርታ ልጠይቅ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ። ማሽኑን አላቆመም። የሚሰፋው ያንተን አዲሱን ነጭ ካባ ነበር፤ የመስቀሉን ዙሪያ በወርቃማ ክር ይሰፋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሄን ትሰፋለህ ወይ አልኩት።

«ይሄ የፈጣሪ ቤት ልብስ ነው፤ ከሱ ጋር ምን አጣላኝ?» አለ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ወንድምህ ሲጽፍ ጎረቤቴ ነው፣ ሲያወራ ዳኛዬ። አንዱን ይምረጥ።»

ካባውን ልውሰድለት ብለው እምቢ አለ። ትከሻህ ላይ ሳይለካው ስፌቱን አይጨርሰውም። ቅዳሜ ጠዋት ራስህ ና ተብለሃል፤ ልጁም እዚያው ይኖራል።

እንግዲህ ሂድ። ልብስ ሲለካ እጅ ተዘርግቶ ነው የሚቆመው፤ ከመንበርህ በላይ መስቀል ላይ ያለው ጌታ እጁ እንዴት እንደሆነ ታውቀዋለህ። ሰውዬው ሜትሩን ደረትህ ላይ ሲያዞር፣ ጓሮ ውስጥ ለልጁ ያልከውን በአባቱ ፊት መልሰህ ዋጠው። የፈቃዱን ጥያቄ እንደላክህም ንገራቸው፤ ልከህ ሂድ ማለቴ ነው።

ካልሄድክ፣ እሁድ ቅዳሴ እንዳለቀ በሩ ላይ ቆሜ መጽሐፍህን ለምእመናንህ አነብላቸዋለሁ። ገና ለማጅ ነኝ፤ ቃል በቃል፣ ቀስ እያልኩ ነው የማነበው። ሳይገባው የሚሄድ አይኖርም።

ታላቅ ወንድምህ፣
በአሻራ ሳይሆን በገዛ እጁ የፈረመው ጎሚስታ