የይግዛው ጥፋት

ለምወድህ ወንድሜ፦

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ድምፅህ፣ ኑሮህ እንዴት ይዞሃል? እኛ የደባርቅን ውርጭ ችለን አለን፤ ደኅና ነን እንዳልልህ ግን አንደበቴ እምቢ አለኝ። እናታችንን ጉልበቷን ያማታል። ስልክ መደወል ከተውክ ወዲህ ደግሞ ወሬ ቀንሳለች።

አብሮ አደግህ ይግዛው ታስሯል። መናኸሪያው አጠገብ ዘፈን ከኢንተርኔት እያወረደ ለገበያተኛው ስልክ ላይ ሲጭን ታውቀዋለህ። እናንተ ዘፋኞች አልበማችንን ያለ ፈቃድ ገለበጡብን ብላችሁ ካመለከታችሁ በኋላ ፖሊስ መጥቶ እሱንም ኮምፒውተሩንም ወሰደ። የእናታችን ሜሞሪም ኤግዚቢት ነው ተብሎ ሄደ። ካንተ ዘንድ አንድ ሲዲ እንኳ ስላልመጣላት፣ የልጄን ድምፅ ጫንልኝ ብላ የለመነችው እሷ ነበረች። ሳንቲም አልተቀበላትም።

ችሎት የዋለ ለት እኔም ነበርኩ። ሲዲህ ቀርቦ፣ ግጥሙም ዜማውም ያንተ መሆኑን ዳኛው ጮክ ብለው አነበቡ። ዝም አልኩ። ተበዳይ ብለው ስምህን ሲጠሩ ይግዛው ደስ አለው ብልህ ታምነኛለህ? ተበዳዩ አንተ ከሆንክማ ነገሩ በእርቅ ያልቃል ብሎ ነው። እንዳገራችን ወግ፣ ድንጋይ የተሸከመ ያህል ጎንበስ ብሎ፣ "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ" አለ። ይቅር ለእግዜር የሚለው ሰው እንዲመጣለት በዓይኑ ይፈልግ ነበር፤ አንተን መሆኑ ነው። ዳኛው ግን ወደ ጸሐፊዋ ዞረው "ማመኑ ይመዝገብ" አሉ። በቃ፣ ምስክር ሳይሰማ ጥፋተኛ ተባለ።

ዐቃቤ ሕጉ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ጠይቋል። አብሮት የታሰረው፣ የጎረቤቱን በሬ ነድቶ የሸጠው፣ ሁለት ዓመት ነው የተፈረደበት። እኔ ሕግ አላውቅም። ዘፋኝ ጦሙን ይደር አልልም፤ ላብህ ነው፣ ካሱኝ ብትል ደግ። ግን በዘፈን የሰው አምስት ዓመት ይሄዳል እንዴ? ሚስቱን ስጦታን ሕፃን አዝላ ስንቅ ስታመላልስ ብታያት አንጀትህ አይችልም ነበር። ቅጣቱ የሚወሰነው ከጥምቀት በኋላ ነው። ጠበቃው እንዳለው፣ ታርቄዋለሁ የሚል ቃል ካንተ ከመጣ ሊያቀልሉለት ይችላሉ።

እናታችን ይህን በይልኝ አላለችኝም። ሜሞሪው ከተወሰደ ወዲህ ዘፈኑን ስንዴ እየለቀመች ራሷ ናት የምትለው። ባለፈው ጎረቤታችን ታንጉት ሰምታት፣ የልጅሽን ዘፈን እንዴት እንዲህ ቻልሽው ብላ ጠየቀቻት። ስንዴዋን ወደ መልቀሟ ተመለሰች። አንተ የጨረስክበት ላይ ስትደርስ እሷ ትቀጥላለች፤ ባዶ ኮርቻ ይዛ የተመለሰችውን የአባታችንን በቅሎ የሚጠራው ስንኝ አልበምህ ላይ የለም።

ደረስጌ ማርያም ድምፅህን ትጠብቅልህ፣ ልብህንም ታራራልን። ቃልህን ሳትውል ሳታድር ላክ።

አባታችን የተቀበረ ለት እናታችን ሙሾ ስታወርድ ካንተ ጎን ቆማ የሰማችው
እህትህ