ያለ ዕድሜያቸው ጡረታ ያወጣኋቸው

ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ ለሶርሳ፤

የጌታ ሰላም ከአንተና ከቤትህ ሁሉ ጋር ይሁን። እንዴት ነህ? ጀርባህን ተሻለህ? ባለቤትህ ሳምራስ? ልጃችሁ ማቲ ጥርስ አወጣ? የደርባን ሙቀት ቀለል አለላችሁ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ ልቤ ብቻ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል።

እንደምታውቀው እዚህ ሶዶ የተቀጠርኩት በስድስት ወር ኮንትራት ነው፤ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ኃላፊያችን ጋሽ ጌታነህ፣ የሠራተኞቹን መዝገብ ከወረቀት አውጥተህ ኮምፒውተር ላይ በደንብ ካስቀመጥክልኝ ቋሚ እንድትሆን እጽፍልሃለሁ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ከኪቦርዱ አልተለየም። ለስም፣ ለአባት፣ ለአያት የየራሱን ዓምድ አወጣሁ፤ እያንዳንዱ ዓምድ የሚቀበለውንም ወሰንኩ፦ ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ ቀን። ስልክን በቁጥር ባደርገው የሁሉም የፊት ዜሮ ጠፋ! ወደ ጽሑፍ ቀይሬው በራሴ ሳቅሁ።

ሳቄ ግን አልቆየም። ፋይሉን የሚያነቡልኝ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ ቁርሳቸውን ሁሉ ያካፍሉኛል። የጥበቃው ጋሽ ቦልቴ ጋ ስንደርስ የትውልድ ቀናቸው ጳጉሜን 3 ሆነ፤ ኮምፒውተሩ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ እምቢ አለ። እዚያ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። እኔ ጥድፊያዬ! ነሐሴ 30 ብዬ አለፍኩ። ለካ የቀኑ ዓምድ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የእትዬ ዘነቡን የትውልድ ዓመት 1966ን ከ2026 ቀንሶ ስድሳ አስገባቸው፤ ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው።

ሰኞ ጋሽ ጌታነህ ዘንድሮ ጡረታ የሚወጡትን አትምልኝ አሉ። ዘጠኝ ስም ወጣ፤ ሳላጣራው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ጋሽ ቦልቴ አንብበው፣ ዘነቡ ቀደምሽኝ አይደል፣ በቃ ጓሮሽ ቦዬሽን እየተከልሽ ቁጭ ነው ብለው ቀለዱ። እትዬ ዘነቡ ግን አልሳቁም፤ ገና የሚማሩ ሁለት ልጆች አሏቸው። ይባስ ብሎ ጋሽ ጌታነህ፣ አሳስተሽ ያነበብሽለት አንቺ ነሽ ብለው በሰው ፊት ተቆጧቸው። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር፤ ሶርሳ፣ ዝም አልኩ።

ማክሰኞ ቢሮ ሳይከፈት ጋሽ ጌታነህን በር ላይ ጠበቅኋቸውና ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የቁጥር ዓምድ ለይቼ፣ ወሩ እስከ አሥራ ሦስት እንዲቀበል፣ ዕድሜውም በእኛው አቆጣጠር እንዲሰላ አድርጌ አሳየኋቸው። ብዙ አዩትና፣ ማሽኑንስ አስተካከልከው፣ አንተን ምን እናድርግህ ብለው ወጡ። ይኸው ሐሙስ ሆነ፤ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

እትዬ ዘነቡንም ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አንተ ልጅ፣ ስምንት ዓመቴን መልሰህልኛል፤ ያን ቀን ዝም ያልከውን ግን በየትኛው ዓምድ ልጻፈው አሉኝ። አሁን ከኮንትራቱ በላይ የሚያብሰለስለኝ ይህ ነው፤ ቋሚ ብሆን እንኳ በየቀኑ እፊታቸው ነው የምቀመጠው። ታላቄ ነህና ምከረኝ።

እማ ከቦምቤ ቅዳሜ መጥታ ነበር፤ ደህና ናት፣ ሳምልኝ ብላለች። ይህን ነገር ግን ለሷ እንዳትነግራት። ሳምራን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ማቲን ጉንጩን ሳምልኝ። ዱቦ ያለችው አክስታችን አሳየሽም በጸሎት ታስባችኋለች።

ወንድምህ ኤልሳዕ
ወላይታ ሶዶ፣ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.