ለንቦቹ ማን ነገራቸው?

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጉልበትሽን ነገር እጠይቃለሁ። የባሕሩ እርጥበት አልባሰበትም? የአክስቴ ሳልስ? ትንሿ ሩት የእኅቶቿን፣ የእኔንና የፊቢን ስም እየጠራች ማልቀሷን ተወች? ያ ቢላዋ የቆረጠው የግራ እጅሽ ጣትስ ዳነልሽ? በቀኝሽ ማንኪያ እንኳ አሳምረሽ እንደማትይዢ ስለማውቅ ሥራው ሁሉ አክስቴ ላይ ወድቋል፤ እሷም ዝም ብላ የምትችል ሴት አይደለችም። እኔ ደኅና ነኝ። የሚሰጡንን የአጃ ገንፎ አንቺ ብታዪው ለአሳማ እንኳ አትደፊውም ነበር፤ እኔ ግን እበላለሁ።

ያለሁበትን ጋዜጣው ሳይነግርሽ አልቀረም። ይህን ደብዳቤ ካንቺ በፊት የወህኒ ቤቱ ጠባቂ ሴትዮ ታነበዋለች፤ ደንቡ ነው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወረቀቱንም የሰጠችኝ እሷ ናት። ስለዚህ ለዳኛው ከነገርኩት የተለየ ነገር አትጠብቂ። አሠሪያችንን ሚስተር ሆልሮይድን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይኸው፣ ተጻፈ። አሁን ቁጭ ብለሽ እንዴት እንደተያዝኩ ስሚ። እያንዳንዷን ነገር ልክ እኔ እንደምነግርሽ አድርገሽ እንድታውቂያት እፈልጋለሁ።

ማክሰኞ ዕለት የፊቢን ሳጥን ልትወስጂ መጥተሽ፣ ከሰዓት በኋላ በሽማግሌው ጋሪ ተሳፍረሽ ስትሄጂ ቤቱ ሁሉ በመስኮት አይቶሻል። ባለጋሪውም እስከ ባቡር ጣቢያው አድርሼያታለሁ ብሎ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ምሏል። ጸልዪለት፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፣ መሐላ ይከብደዋል።

ያን ሳምንት ሁለት እንግዶች ነበሩን። አንደኛው ሚስተር ታራንት ናቸው፤ በየወሩ የሚወጣውን ታሪካቸውን ማድ ቤት ሳነብልሽ ስንት ድስት አሳርረሻል። ሁለተኛዋ ሚስስ ፔሊው ናቸው፤ ፊቢ የመናፍስት ታሪካቸውን አንብባ ሻማ አላጠፋም ያለችባቸው። ሚስተር ሆልሮይድ በአዝራር ፋብሪካ ከበለጸገ ወዲህ ዝነኛ ሰው ጋብዞ ለጎረቤት ማሳየት እንዴት ይወድ እንደነበር ታውቂያለሽ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሻዩን ይዤ ወደ መኝታ ክፍሉ ወጣሁ። አልጋው አልተነካም። የንባብ ክፍሉ በር ከውጭ ተቆልፏል፤ በሮቹን ሁሉ የሚከፍተው ትልቁ ቁልፍ ግን እንደ ወትሮው ማድ ቤት ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ከፍቼ ስገባ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። ልብሱ ከደረቱ በታች ደረቅ ነው፤ ራሱና ጢሙ ግን ገና እርጥብ ነበር። ጢሙ ውስጥ የኩሬ ሣር ተጠላልፏል። ሐኪሙ ሳንባው ውሃ ሞልቷል አለ። በደረቅ ክፍል ውስጥ ሰምጦ ነው የሞተው። በሰም በተወለወለው ወለል ላይ ደግሞ ትንንሽ የባዶ እግር አሻራዎች ነበሩ፤ ከበሩ ተነስተው ወንበሩ ድረስ ይሄዳሉ፣ የሚመለስ አንድም የለም።

ማድ ቤት ውስጥ ማንም ስሟን አልጠራም፤ ሁሉም ግን በመስኮት ወደ ኩሬው አየ። በሚያዝያ ፊቢን ሆዷ እንደገፋ ያወጣንበት ኩሬ ነውና። አንቺን የተካችው ወጥ ሠሪ ብቻ “መጥታ ወሰደችው፤ የእጁን ነው ያገኘው” አለችና አፏን በሽርጧ ያዘች።

ፖሊሱ ሁለቱን ጸሐፊዎች ሲያይ ወንጀሉን ረስቶ ለሚስቱ ፊርማ ለመነ። ከዚያ ወዲያ ቤቱን እነሱ ያዙት። ሚስተር ታራንት ስውር በር አለ ብለው ግድግዳውን ሲያንኳኩ ዋሉ። ከሕንድ የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ወራሽ ሳይኖር አይቀርም አሉ። እኔን ጠርተው “ሬሳውን ስታዪ አልጮህሽም? በመጽሐፍ ቢሆን እኮ አገልጋይቱ እዚህ ላይ ራሷን ትስታለች” አሉኝ። “ሻይ ይዤ ነበር ጌታዬ፤ ምንጣፉ ይበላሽ ነበር” አልኳቸው። ሚስስ ፔሊው ሳቁና “ሰውዬ፣ ግድግዳውን ተወው፤ ምን አደረገህ?” አሏቸው።

የመናፍስት ጸሐፊዋ መናፍስት አለማመናቸው ገረመኝ። አሻራዎቹን በገመድ እየለኩ “ስለ ሙታን ስጽፍ ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ አንዱም በር ቆልፎ ቁልፉን ምስማር ላይ ሲሰቅል አልሰማሁም” አሉ። ከዚያ ቁልፉን አንስተው በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። ጫፉ ላይ የንብ ሰም ነበረበት።

ሚስስ ፔሊው ገጠር ያደጉ ናቸው፤ ገባቸው። “ለመሆኑ ለንቦቹ ማን ነገራቸው?” አሉ። ሚስተር ታራንት የለንደን ሰው ስለሆኑ “ለምን ይነገራቸዋል? ይወርሳሉ ወይ?” ብለው ቀለዱ። ሚስስ ፔሊው ግን አልሳቁም። የቤቱ ጌታ ሲሞት ከቤተሰቡ አንዱ በቤቱ ቁልፍ ቀፎውን ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ጌታችሁ ሞቷል፣ አትሂዱብን ካላላቸው፣ ጥቁር ጨርቅም ካላሰረላቸው ንቦቹ ወይ ይሰደዳሉ ወይ ያልቃሉ ብለው አስረዷቸው። ተያይዘን ወደ አትክልቱ ቦታ ወጣን። ስድስቱም የፊቢ ቀፎዎች ጥቁር ጥብጣብ ታስሮላቸዋል።

አትክልተኛው ኦቤድ እዚያው ቆሞ ነበር። መቼም ውሸት አያውቅ! “ጎሕ ሲቀድ ስመጣ ታስሮ አገኘሁት። እንግዲያው ጌታዬ ሞተዋል ማለት ነው ብዬ ባርኔጣዬን አውልቄ ደወሉን ስጠብቅ ነበር” አለ። ቤቱ ሞቱን ያወቀው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ንቦቹ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተነግሯቸዋል። ሚስተር ታራንት እጃቸውን አጨበጨቡ፤ “ከገዳዩ በቀር ቀድሞ ማን ያውቃል?” አሉ። ኦቤድ ፊቢን ሊያገባ ጠይቆ እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የመቃብሯን እንጨት የጠረበውም እሱ ነው። ፖሊሱ ወዲያው በሰንሰለት አሰረው። ኦቤድ የጠየቀው “ጽጌረዳዎቹን ማን ያጠጣቸዋል?” ብሎ ብቻ ነው።

ዳኛው፣ ሰው ገድሎ ሳይያዝ ማምለጥ የሚችል ሰው ለንብ ብሎ እንዴት ይቆማል ብሎኝ ነበር። መልሼለታለሁ፤ የገባው ግን አልመሰለኝም። የፊቢ ንቦች ናቸው። በእጇ ያሳደገቻቸው፣ ከእሷ የቀረን እነሱ ብቻ ናቸው፤ በዚያ ሰው ሞት ምክንያት ሊያልቁ አይገባም። አንቺ ይገባሻል።

ጥብጣቡን ሳየው ቋጠሮውን ወዲያው አወቅሁት። የፑዲንጉን ሊጥ በጨርቅ ጠቅልለን ስንቀቅል የምንቋጥረው ያ ቋጠሮ ነው። የራሴን ቋጠሮ ማወቄ አይገርምም። የሚያሳፍረኝ ዝም ማለቴ ነው። ንጹሕ ሰው ታስሮ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ፤ ጫማ ጠረግሁ፣ አልጋ አነጠፍኩ፣ ምሳዬን በላሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የኦቤድ እናት በጓሮ በር መጣች። ስድስት እንቁላል በመሐረብ ቋጥራ ይዛለች። “መጻፍ ትችያለሽ አሉኝ፤ ለዳኛው ጻፊልኝ ልጄ። የኔ ልጅ ዶሮ እንኳ አርዶ አያውቅም፤ እሷንም እኔ ነኝ የማርድለት” አለችኝ። ጻፍኩላት። አመስግናኝ፣ ግንባሬን ስማኝ ሄደች። አንዲት እናት ልጇን ልታጣ ነው፤ አለበለዚያ ደግሞ…። ይህን ሳሰላስል ቆይቼ እንቁላሎቹን አስቀመጥኩና ሚስስ ፔሊው ወዳሉበት ሳሎን ገባሁ።

እኔ ነኝ አልኳቸው። መጽሐፋቸውን አጠፉና ተቀመጪ አሉኝ። በዚያ ሳሎን ተቀመጪ ስባል የመጀመሪያዬ ነው።

“ያንን የሚያህል ሰው አንቺ እንዴት ቻልሽው?” አሉኝ። ሰክሮ እንደነበር፣ ባልዲ አጠገቡ አስቀምጬ ጭንቅላቱን እንደደፈቅሁት ነገርኳቸው። “ጉድጓዱ በር ላይ ሆኖ ለምን እስከ ኩሬው ወረድሽ?” አሉኝ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ከአፌ የወጣው ግን “እኅቴ የጠጣችውን እንዲጠጣ ብዬ ነው” የሚል ሆነ። ያን ስናገር እንባዬ መጣ። ካልኩት ሁሉ ያን ጊዜ የልቤን የተናገርኩ መሰለኝ።

ስለ ጥብጣቡ ጠየቁኝ። እናቴ ለፊቢ ሐዘን ከምታደርገው ባርኔጣ ላይ ነው፣ ሳጥኑን ልትወስድ ስትመጣ ረስታው ሄዳለች አልኳቸው። ረስተሽው ነው የሄድሽው እማዬ። ማንም ቢጠይቅሽ እንደዚያ ነው።

ከዚያ ያን ገመድ አወጡ። ጫማዬን አውልቄ ለኩኝ፤ እግሬ በአውራ ጣት ያህል በለጠ። “የቤቱን እግር ሁሉ ለክቻለሁ፤ ይህን የሚያህል የለም” አሉ። አላውቅም አልኳቸው፤ እስከ ዛሬም አላውቅም። የፊቢ እግር ግን ትንሽ ነበር፤ የእኔን አሮጌ ጫማ ጨርቅ ወትፋ ነበር የምታደርገው። ያን አሻራ ሳስብ፣ በዚያ ክፍል ሚስተር ሆልሮይድን የደፈቀችው እጅ ብቻዋን እንዳልነበረች ይሰማኛል። ለሌላ ሳይሆን እንዲያጽናናሽ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

በመጨረሻ ጥብጣቡን ከኪሳቸው አወጡና በቀለም ብልቃጡ አንገት ላይ እሰሪልኝ አሉኝ። “ቋጠሮው የግራኝ ነው። ኦቤድ የሚሠራው በቀኙ ነው። አንቺም ሻይ ስትቀጂ በቀኝሽ ነው” አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ቆሜ ያየሁት ቋጠሮ ነው። ከላይ አዙሬ፣ ከሥር አሾልኬ፣ በግራዬ ሳብኩት። ልክ ቀፎዎቹ ላይ እንዳለው ወጣ። ሚስስ ፔሊው ጎንበስ ብለው አዩት። “ማን አስተማረሽ?” አሉኝ። ማንም፣ ራሴ ነኝ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። “እኔ ብጽፈው ኖሮ እንዲህ አልጨርሰውም ነበር” አሉ። “የሚጨርሱት እርስዎ አይደሉም እመቤቴ” አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁኝ ፖሊሱን አስጠሩ። ችሎት ቀርበውም ያዩትን እንጂ ያሰቡትን አልተናገሩም።

ኦቤድ ተፈቷል። ሊጠይቀኝ መጥቶ የማር እንጀራ አመጣልኝ፤ ጠባቂዋም ቀምሳዋለች። ንቦቹ አንዳቸውም አልሄዱም አለኝ። ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆይቶ ሄደ። ሚስተር ታራንት ደግሞ ታሪኩን መጻፍ ጀምረዋል አሉ፤ እኔን ረጅም፣ ቆንጆና ጨካኝ አድርገውኛል። ቢያንስ ረጅም ሆንኩ።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። አትምጪ። ጣትሽ ሳይድን፣ ጉልበትሽ ሳይጠና መንገድ እንዳትወጪ። ዳኛው ፈርዶ ጨርሷል፤ ሌላ ወሬ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ሩት አምስት ዓመቷ ነው፤ ጸጉሯን የሚያበጥርላት ሰው ያስፈልጋታል። ከመጣሽ አልምርሽም። እግዚአብሔር ያየኛል፣ በሰማይም አላናግርሽም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሳልናገረው ብቀር ያንቀኛል። አንቺ መቼም ለእኔ ነግረሽኝ አታውቂም። ሐዘንሽን ለፊቢ፣ ፊቢ ስትሄድ ለድስቱ፣ ለንቦቹ ትነግሪያለሽ እንጂ ለእኔ ዝም ነው። ትልቅ ልጅሽ ነበርኩ። ብትነግሪኝ ኖሮ አጠገብሽ እቆም ነበር።

የእኔ ቀን ሰኞ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። አክስቴ ከጓሮ ያላትን ቀፎ አትርሺው። የቤቱን ቁልፍ ይዘሽ ውጪና ሦስት ጊዜ አንኳኪላቸው፤ ስሜንም ንገሪያቸው። ግን እማዬ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት ሁለት እስኪደውል ጠብቂ። ቀድሞ መንገር ምን እንደሚያመጣ አይተናል፤ ያን ስሕተት አትድገሚው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለሩት ዕድሜ ይስጣት፤ ለአክስቴም ትዕግሥት። የማታ እንቅልፍሽን ማንም አይውሰድብሽ፤ ሕያውም ሙትም። ሁለቱንም እጆችሽን እስማለሁ፤ ግራውን ደጋግሜ።

ትልቋ ልጅሽ