በአስቴር ስም የሠራሁት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 4፣ 2006። ከምሽቱ 2 ሰዓት

እግሬ አብጧል። ስድስት ቤት፣ ስድስት አረጋዊ። አራቱን ማጠብ፣ ሁለቱን ማብላት። መጨረሻ ላይ ስዊድናዊቷ እማማ ኤልሳ፣ ቬሊንግቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ገላቸውን አጠብኩ። እንደ ልማዴ ፎጣውን ማሞቂያው ላይ አሙቄ ጠቀለልኳቸው። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ተውኳቸው። ወረቀቱ ላይ «አስቴር» ብዬ ፈረምኩና ለባቡር ሮጥኩ። ከሴፕቴምበር ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አስቴር ነኝ።

ለአንተም በደንብ አልነገርኩህም፣ ደብተሬ። ስለማፍር ነው። ልጅ ስላለን ኪራይ የሚደጉመን ቢሮ ዓመቱ ሲገባ ስንት ታገኛለሽ ይላል። ገምቼ እጽፋለሁ። ከገቢ ጣሪያው ካለፍኩ፣ ግብሩ ተጣርቶ ሲያልቅ ደብዳቤ ይመጣል፦ ያለ አግባብ የወሰድሽውን መልሺ። ካቻምና ለገና ብዬ ትርፍ ሰዓት ሠራሁ። አምና ክረምቱን ሙሉ ለእነሱ ከፈልኩ። የልጄን የሊዲያን የበረዶ ጫማ ከሰው ለምኜ።

የሥራ ባልደረባዬ አስቴር ልጅ የላትም። ጣሪያም የላትም። መላውን ያመጣችው እሷ ናት፤ ኖርስቦሪ ቤቷ ውስጥ፣ ሽንኩርት እየከተፍን። አሠሪዎቻችን ሲደውሉ ፈረቃውን እሷ ትቀበላለች፣ እኔ እሄዳለሁ። ደሞዙ በእሷ ይገባል፣ ከግብር የተረፈው የእኔ። ቢነቁብንስ አልኳት።

«ማን ይለየናል? ለአለቃችን እኮ ሁለታችንም አንድ ሐበሻ ነን።»

ሳቅን። አለቃችን በስድስት ዓመት ውስጥ ስንቴ አስቴር ብላ ጠርታኛለች።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 6

አስቴር በምሳ ሰዓት ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ነው። እማማ ኤልሳ ቅዳሜ ማታ ወድቀዋል። የዳሌ አጥንት። እስከ እሑድ ጠዋት ወለሉ ላይ። አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት፣ ሲወድቁ የሚጫኑት ላርም አልነበረም። የጠዋቷ ሠራተኛ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አገኘችው፣ መስቀያው ላይ።

እኔ ነኝ የሰቀልኩት። እንዳይረጥብ አወለቅኩ። መልሼ አላጠለቅኩላቸውም።

ወረቀቱ አስቴር ይላል። አስቴር ግን በዚያ ሰዓት ሕፃን ታቅፋ ክርስትና ላይ ነበረች። ስንት ሰው አይቷታል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 8

አስቴርን ቢሮ ጠሯት። ሄደች። ምን አልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ረሳሁ አልኩ፣ አለች። ጃንዋሪ ላይ ቋሚ ሊያደርጓት ነበር። አሁን «ይታያል»።

አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ልጅ አለሽ፣ ምን ይደረጋል ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እኔም ያንኑ ለራሴ እላለሁ። ሁለት ልጅ አለኝ። ያመቻል። ለድጎማው ማመልከቻም ያንኑ ነው የምጽፈው።

እራት። ሊዲያ ለምን አትበዪም አለችኝ፣ በስዊድንኛ። በልቻለሁ አልኩ፣ በአማርኛ። ሳህኔን አየች። አላመነችኝም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 10

ቢሮ፣ ቁልፍ ልወስድ። በራሴ ስም። አለቃችን ቡናዋን ይዛ ታወራለች። ሆስፒታል ሄዳ እማማ ኤልሳን ጠይቃቸዋለች። ቅዳሜ የመጣችው አስቴር አይደለችም አሏት። ሌላዋ ናት፣ ፎጣ የምታሞቀው።

አለቃችን ራሷን ነቀነቀች። ምስኪን። ወረቀቱ እኮ ግልጽ ነው፣ አስቴርም አምናለች። መርሳት ጀምሯቸዋል። ልጃቸውም ይስማማል። ስለዚህ ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው አይመለሱም፤ የመርሳት በሽታ ያለባቸው የሚኖሩበት ቦታ ይፈለግላቸዋል። ሰኞ በ3 ሰዓት ስብሰባ አለ።

ቁልፉን ተቀብዬ ወጣሁ። 

አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት። በዚህ ከተማ እኔንና አስቴርን የለዩን እሳቸው ብቻ ናቸው። በዚህም ጃጁ ተባሉ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 12። ከሰዓት

ሆስፒታል። ብርቱካን ይዤ። እማማ ኤልሳ አንሰዋል፣ አልጋው ውጧቸዋል። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ላርሙን አላነሱም። እጄን ይዘው ብዙ ጊዜ ፊቴን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፦

«ቅዳሜ የመጣሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ወይስ እውነትም እየረሳሁ ነው?»

የጠየቁኝ የእውነት ነው። ራሳቸውን መጠራጠር ጀምረዋል። በአንድ ሳምንት።

«አልረሱም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብርቱካን ላጥኩላቸው። አልበሉም።

ያው ዕለት፣ ማታ

ለአስቴር ደወልኩ። ነገ ልናገር ነው አልኳት።  ሳምንቱን ሙሉ ያልሰደበችኝን ያን ጊዜ ሰደበችኝ። ስሟን ማዋሷም ይወጣል። ሁለታችንንም ያባርሩናል። ዝም ብል እሷን የሚቀርባት ቋሚነቱ ብቻ ነበር። ብናገር እንጀራዋ።

«ለአንቺ ስል የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለፈረንጇ ብለሽ እኔን ትሸጪያለሽ?»

 እውነቷን ነው። ነገሩ ማንንም ሳይጎዳ የሚቀርበት ጊዜ ቅዳሜ ማታ ነበር፣ አልጋው ጫፍ ላይ ሳሉ። ላርሙን አጥልቆ መውጣት። ግማሽ ደቂቃ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 13። ጠዋት 1 ሰዓት

ሁለት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንዱ ለስብሰባው፦ ቅዳሜ እዚያ ቤት የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ላርሙን የረሳሁት እኔ ነኝ፣ ወይዘሮዋ በትክክል ያስታውሳሉ። ሁለተኛው ለድጎማው ቢሮ፣ የገቢ ለውጥ ቅጽ። ቅዳሜዎቹን በሙሉ አስገባሁ። ከታች ስሜን ጻፍኩ፣ ከነአባቴ።

ሊዲያ የመጀመሪያውን አንብባ አንድ ፊደል አረመችልኝ። ከዚህ ቤት እንወጣለን ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። የታናሽ ወንድሟን ጓንት ፈልጋ ወደ ት/ቤት ይዛው ሄደች።

ከሃግሴትራ ቤቴ ቬሊንግቢ ስብሰባው ድረስ በአንድ ባቡር ነው፣ መቀየር የለም። አሁን ብወጣ እደርሳለሁ።

አስቴር ከማለዳ ጀምራ ትደውላለች። ስልኩ አሁንም ይጮኻል፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አጠገብህ፣ ደብተሬ። አላነሳውም። ካነሳሁት እቀራለሁ።